ምድጃ የሌለው ጣሪያ

ጡረታ የወጣሁት በሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። ደብዳቤ የጻፈልኝ የለም፤ የሸኘኝም የለም። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ወልቂጤ ውስጥ፣ በግንባታ ላይ ባለ ትምህርት ቤት ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ውሃ ልክ ለማየት ተንበረከክሁና መነሣት አቃተኝ። ሁለት የቀን ሠራተኞች ብብቴን ይዘው አነሡኝ። አንደኛው «ፎርማን፣ ጸሎት ላይ ነበርክ እንዴ?» አለኝ። ሐኪሙ ጉልበቴን ካየ በኋላ ጠየቀኝ፤ «ስንት ዓመት ተንበረከክህ?»

«አሥራ ስድስት።»

«ይበቃሃል» አለኝ። የጡረታ ደብዳቤዬ ይቺው ናት።

አሁን የምሠራው እዚያው ወልቂጤ፣ በአንድ የሕትመትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ ውስጥ ነው። ሱቁ የሌላ ሰው ነው፤ የእኔ የሆነው ጉልበቴ እንዳይታጠፍ ከፍ አድርጌ ያሠራሁት ወንበር ብቻ ነው። ተማሪዎች ፕላናቸውን በፍላሽ ይዘው ይመጣሉ፤ በትልቁ ማሽን አትምላቸዋለሁ። ሳትም አነባለሁ። ደረጃው የት እንደሚያርፍ፣ በሩ ወዴት እንደሚከፈት አያለሁ። ስሕተት ካገኘሁ በእርሳስ ትንሽ ክብ አድርጌ እሰጣቸዋለሁ። አንዳንዶቹ ያመሰግናሉ። አንዳንዶቹ «ይሄ ፎቶ ኮፒ ቤት አስተያየትም ይሰጣል» ብለው ይሳሳቃሉ።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ናትናኤል የሚባል የአርክቴክቸር ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ረቂቅ ይዞ መጣ። ሦስት ቅጂ ፈለገ። ጽሑፉ መብራት ሳይፈጅ ራሱን ስለሚያቀዘቅዝ ሕንፃ ነው። የመጀመሪያው ሉህ ከማሽኑ ገና ግማሹ ሲወጣ አወቅሁት፦ ከቡታጅራ ወጣ ብሎ መስቃን ውስጥ ያለው የወይን ጠጅ ፋብሪካ ነው። ያንን ግንብ ከመሠረቱ እስከ ጣሪያው በእጄ ለክቼዋለሁ። የትኛው ጥግ ሁለት ሴንቲ ሜትር እንደተዛባ ከእኔና ከግንበኛው በቀር የሚያውቅ የለም።

ሦስተኛው ሉህ ጣሪያውን ከጎን ተቆርጦ ያሳያል። ከስሩ በትንንሽ ፊደል እንዲህ ይላል፦ «የመጀመሪያው የቀርከሃና የሣር ኮርኒስ በባህላዊ ባለሙያው ስሕተት ተበላሽቶ ፈርሷል።»

ማሽኑ ሦስቱንም ቅጂ አወጣ። እኔም ሦስቱንም ጠቅልዬ በላስቲክ አሰርሁ። አፌ የተከፈተው ከዚያ በኋላ ነው።

«ይቺን ማን ነገረህ?»

«የፋብሪካው ባለቤት። ቃለ መጠይቅ አድርጌላቸው። ምነው?»

«ስሕተቱ የባለሙያው አይደለም።»

«የማን ነው ታዲያ?»

«የእኔ።»

ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ፤ ከዚያ ማሽኑን አየ። «አንተ እዚያ ምን ነበርክ?»

«ፎርማን።»

«ማስረጃ አለህ? አማካሪዬ ያለ ማስረጃ ነጠላ ሰረዝ አያስነካኝም።»

«አለኝ።»

«ጥሩ። እስከ ጥቅምት አስተካክላለሁ። የባለሙያው ሙሉ ስም ማን ይባላል?»

ጋሽ ብርጋ ነበር የምላቸው። ስድስት ወር አብሬያቸው ሠርቻለሁ። በየቀኑ የገባውን የሲሚንቶ ከረጢት፣ የዘነበበትን ሰዓት፣ የቀረውን ሠራተኛ ስም ስጽፍ የኖርሁ ሰው ነኝ። የጋሽ ብርጋን የአባት ስም ግን አላውቅም። አልጠየቅኋቸውም።

አባቴ ከጎጃም ተመድቦ ቡታጅራ የመጣ መምህር ነበር። ያደግሁት ቆርቆሮ በለበሰ የኪራይ ቤት ነው፤ ወጥ ቤታችን ከግቢው ጥግ ለብቻው ነበር። ይህን የምጽፈው ኋላ ለሚመጣው ስለሚያስፈልግ ነው። እሳት የሚነድበት ቤት ውስጥ አድሬ አላውቅም።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ሳይመጣልኝ ሲቀር ብሎኬት ማምረቻ ገባሁ። የመጀመሪያ አለቃዬ ጋሽ ተካ ቁጡ ሰው ነበሩ። ብሎኬቱን በጥፍራቸው ይቧጭሩታል፤ አሸዋው ከረገፈ የዚያን ቀኑን ሥራ በሙሉ ያስሰብሩታል። «ሲሚንቶ የሚጠነክረው በፀሐይ መሰላችሁ? በውሃ ነው! አጠጡት!» እያሉ ሲጮኹ ድምፃቸው አስፋልቱ ድረስ ይሰማል። ከዚያ ለአንድ ቀያሽ ሜትር ያዥ ሆንሁ። ቀያሹ ያረጀ ፕላን ሲጥል አነሣለሁ፤ እሑድ እሑድ በሌላ ወረቀት እገለብጠዋለሁ። መሥመሩ ምን ማለት እንደሆነ የነገረኝ የለም። ፕላኑን ይዤ ወደተሠራው ሕንፃ እየሄድሁ፣ ይቺ መሥመር ይህ ግድግዳ ናት፣ ይቺ ነጠብጣብ ይህ ምሰሶ ናት እያልሁ ለየሁት። እንደዚያ አድርጎ መማር ቀርፋፋ ነው፤ ግን አይረሳም።

ፎርማን ሆኜ መጀመሪያ የሠራሁት ወልቂጤ ውስጥ አንድ የመማሪያ ሕንፃ ነው። መስኮቶቹ በሙሉ ወደ ምዕራብ ይዞራሉ። ሕንፃው ከተመረቀ በኋላ አጥሩን ልንጨርስ ስንመላለስ፣ ከሰዓት ተማሪዎቹ ዴስካቸውን እየጎተቱ ወደ አንድ ግድግዳ ሲጠጉ አየሁ። በየቀኑ ፀሐይ ክፍሉ ውስጥ የምትደርስበትን ወለሉ ላይ በጠመኔ አሰምር ጀመር። ለአለቃዬ ባሳየው «አንተን የቀጠርኩህ ልታሰምር ነው?» አለኝ። ያን ጠመኔ ግን አልተውሁትም። የወይን ጠጅ ፋብሪካውን የነደፈችው አርክቴክት ሰብለ ስለ ጠመኔው ሰምታ ነው መስቃን የጠራችኝ። ደመወዙ ከወልቂጤው በጥቂት ይሻላል። የሄድሁት ግን ለዚያ አልነበረም፤ ሰው አንዴ ስለ ፀሐይ ሲጠይቀኝ ደስ ስላለኝ ነው።

ሰብለ በሁለት ሳምንት አንዴ ከአዲስ አበባ ትመጣለች። «እርስዎ» ስላት «አንቺ በለኝ፤ እናትህን አላክልም» ብላ ከለከለችኝ። የፋብሪካው ባለቤት አቶ ወልዴ መርካቶ በንግድ አርጅተው፣ በስተእርጅና ወይን የተከሉ የቸሃ ሰው ናቸው። መሬቱን ያገኙት ግን መስቃን ነው። ወይን ሲጠመቅ ይሞቃል፤ ካልቀዘቀዘ ይበላሻል። አካባቢው ላይ መብራት ደግሞ እንግዳ ነው፤ መጣ ስትለው ተነሥቶ ይሄዳል። ሰብለ ያመጣችው መፍትሔ ማቀዝቀዣው ሕንፃው ራሱ እንዲሆን ነበር።

ግማሹን ሕንፃ ኮረብታው ውስጥ አስገባነው። ረጃጅሞቹ ግድግዳዎች ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይዞራሉ፤ የጠዋትና የከሰዓት ፀሐይ የምታገኘው ጠባቡን ጎን ብቻ ነው። ግድግዳው ድርብ ነው። በሁለቱ ድንጋዮች መካከል ክፍተት ትተን፣ ሬድ አሽ የምንለውን ቀይ ጠጠር ሞላንበት። ጠጠሩ እንደ ዳቦ በቀዳዳ የተሞላ ስለሆነ ሙቀት ቶሎ አያሳልፍም። ከግድግዳው ግርጌ ትንንሽ መስኮቶች፣ ከጣሪያው ጫፍ ረጃጅም መውጫዎች አሉ። ሲመሽ ይከፈታሉ፤ ብርዱ ከታች ይገባል፣ ሙቀቱ ከላይ ይወጣል። ሲነጋ ይዘጋሉ። የዚያ ሕንፃ ሥራ የሌሊቱን ብርድ አስሮ ማዋል ነው።

ግንበኛው ከማል የስልጤ ሰው ነው። ጠዋት «አሰላሙ አለይኩም» ብሎ ይገባል፤ ከዚያ የሠራተኛው ሁሉ ቀልድ በእርሱ ላይ ይሆናል።

«ከማል፣ የወይን ጠጅ ቤት እየገነባህ አላህ ምን ይልሃል?»

«የኔ ኒያ፣ የልቤ ሐሳብ፣ ግንቡ ነው» ይላል ቱንቢውን እያወረደ። «በርሜሉ የናንተ። እንዲያውም ይቺን ቀጥ ያለች ግንብ አይቶ ይምረኛል።» ከዚያ ወደ እኔ ይዞራል። «ይበልጣል፣ አንተ ያለ ዲግሪ ኢንጂነር፣ ና እይ፤ ፀጉር ታሾልካለች?»

አታሾልክም ነበር።

ለጣሪያው ሰብለ የአካባቢውን ቁሳቁስ ፈለገች። ከላይ ቆርቆሮ፣ ከስሩ የአየር ክፍተት፣ ከዚያ ወፍራም የሰንበሌጥ ንጣፍ፣ ከታች የቀርከሃ ኮርኒስ። ከውስጥ ቀና ብለው ሲያዩት የጉራጌ ጎጆ ሆድ እንዲመስል ነበር ሐሳቡ። «የእናቴን ቤት የሠሩ ሰው አሉ» አሉ አቶ ወልዴ። «አርባ ዓመቱ ነው። አንድ ጠብታ አላፈሰሰም።» ጋሽ ብርጋ እንዲህ መጡ። ከቸሃ በሚኒባስ ወልቂጤ፣ ከወልቂጤ ቡታጅራ፤ ትከሻቸው ላይ ጥቅል ገመድ፣ ብብታቸው ስር በጨርቅ የተጠቀለለ ማጭድ ይዘው።

ስለ ጋሽ ብርጋ ልማድ ብዙ መጻፍ እችላለሁ። የማይገባኝን ነገር ሁሉ ስለምጽፍ፣ የእርሳቸውም ከሌላው የበለጠ ተጽፏል። ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ሕንፃውን ሦስት ጊዜ ይዞራሉ፤ በመጀመሪያው ዙር ወደ ላይ፣ በሁለተኛው ወደ ታች፣ በሦስተኛው የትም አያዩም። ግድግዳን የሚነኩት በእጃቸው ጀርባ ነው፤ «መዳፍ ሥራ ስለለመደ ይዋሻል» ይላሉ። የአየሩን መንገድ ለማየት የሣር ብናኝ በሁለት ጣት ይዘው ይለቁታል፤ የሰብለ መሣሪያ ያሳየውን የአየር አቅጣጫ ጋሽ ብርጋ በብናኝ ቀድመው ነግረውኝ ነበር። በሜትር አይለኩም፤ ገመዳቸው ላይ ቋጠሮዎች አሉ። አንድ ቀን ተደብቄ ቋጠሮዎቹን በሜትር ለካኋቸው። በሁሉም መካከል ያለው ርቀት እኩል ነው። ሲደርሱብኝ አልተቆጡም። «ስንት ሆነ?» አሉኝ። ነገርኋቸው። «እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር» አሉ።

እርሳቸው ዘንድ ከሁሉ የሚቀድመው ግን አንድ ጥያቄ ነው። የመጡ ዕለት ባዶው አዳራሽ መሐል ቆመው ጠየቁት። እኔ፣ ከማልና አራት ሠራተኞች ነበርን።

«ማን ነው የሚኖርበት?»

«ወይን ጠጅ ነው፣ ጋሼ» አልሁ።

«ምን ይወዳል?»

«ጨለማና ብርድ። ዝምታም።»

«እንደ ቆጮ ነዋ! ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ የሚብላላ።» ደስ አላቸው። ኮረብታው ውስጥ የገባውን ግድግዳ በእጃቸው ጀርባ ዳሰሱት። ሰብለ በኮምፒውተር ለሳምንታት ያሰላችውን እርሳቸው በአንድ ትንፋሽ አገኙት። ቀጥለው ወደ ጣሪያው ቀና አሉ፣ ወደ ወለሉ ወረዱ፣ ዞር ዞር ብለው ፈለጉ።

«ምድጃውስ የት ነው?»

ከማል ሳቀ። ሠራተኞቹም ሳቁ። እኔ ብዙ የምስቅ ሰው አይደለሁም፤ ያን ቀን ግን ሳቅሁ። «ጋሼ፣ ወይኑ ወጥ አይሠራም እኮ!» አልኋቸው።

«እንዲያ ነው?» አሉ። ገመዳቸውን መፍታት ጀመሩ። «እንግዲህ እናንተ ተምራችኋል።»

ሥራ ሲያበቃ ሳይት ቡኩን ከፍቼ የዕለቱን ጻፍሁ። ሳይት ቡክ በግንባታ ቦታ በየቀኑ የሚሞላ መዝገብ ነው፤ ከስሩ የተቋራጩና የአማካሪው ፊርማ አለው። ከሲሚንቶው ቁጥር በታች እንዲህ የሚል መሥመር አለ፦ «ጋሽ ብርጋ የምድጃው ቦታ የት እንደሆነ ጠየቁ። ምድጃ እንደሌለ ተነገራቸው።» ለምን እንደጠየቁ አልጻፍሁም፤ አላውቅምና።

ኮርኒሱን የሠሩበትን መንገድ እስካሁን አልረሳሁትም። ቀርከሃውን በበጋ አስቆርጠው አመጡ። ሰንበሌጡን እያራገፉ፣ ሥሩን ወደ ላይ ጫፉን ወደ ታች እያደረጉ በእቅፍ እቅፍ አነጠፉት። ልጥ ሲያስሩ የመጨረሻውን ቋጠሮ በጥርሳቸው ይስቡታል። ንጣፉ ሲያልቅ መወጣጫው ላይ ተቀምጠው ቀና ብለው አዩትና «ይህ ሣር ይበርደዋል» አሉ። እኔ ከስር ሆኜ «ብርድማ የምንፈልገው ነው፣ ጋሼ» አልኋቸው። ሁለተኛ ጊዜ የነገሩኝ ያኔ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ መልስ ሰጠሁ እንጂ አልጠየቅሁም።

የመጀመሪያው በጋ ቆንጆ ነበር። ውጭው ሲያቃጥል በር ከፍተህ ስትገባ ብርዱ ደረትህን ይገፋሃል። ሰብለ ቴርሞ ሜትሯን ይዛ እንደ ልጅ ዘለለች። ጄኔሬተሩ ለአምፖልና ለፓምፕ ካልሆነ አልተነሣም። ሕንፃው ካለቀ በኋላ እኔን ለጥገና አስቀሩኝ፤ መስኮቶቹን በሰዓቱ ማስከፈትና ማስዘጋት ሥራዬ ሆነ። በሥራ ዘመኔ ደክሞኝ ያልዋልሁበት ጊዜ ቢኖር ያ ነው።

ሁለተኛው ክረምት ካለፈ በኋላ በርሜሎቹ ላይ እንደ ዱቄት ያለ ነጭ ብናኝ አየሁ። በጣቴ ጠርጌ፣ የኖራ ብናኝ ነው ብዬ ለጽዳት ሠራተኛዋ ነገርሁ። በሳምንቱ እንደገና ነበር። መሰላል አምጥቼ ስወጣ ቀርከሃው በመርፌ የተወጋ ይመስላል፤ ነቀዝ ገብቶ ሆዱን በልቶታል። ሰንበሌጡን ስገልጠው እርጥብ ነው፤ ሻጋታው ጥቁርና አረንጓዴ ሆኖ ተጣብቋል። የወይን ባለሙያው አንድ በርሜል ከፍቶ አሸተተ። መልሶ ከደነው። ሌላ ከፈተ። እርሱንም ከደነው። በሦስተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ የኮርኒሱ አንድ ክንፍ እንዳለ በርሜሎቹ ላይ ወደቀ። ከስሩ ሰው አልነበረም። ከወደቀው ውስጥ የወጣው ሽታ እንደ አሮጌ ጉድጓድ ነው። የዚያ ዓመት ወይን ጠጅ አብዛኛው ያንን ሽታ ይዞ ተደፋ።

ስብሰባ ተጠራ፤ አቶ ወልዴ፣ ሰብለና እኔ። ጋሽ ብርጋ አልተጠሩም።

«ጎጆ ሠሪ አምኜ!» አሉ አቶ ወልዴ። «አርባ ዓመት የቆመ ቤት የሠራ ሰው፣ የኔን ሁለት ክረምት እንኳ አላሻገረውም። ያረጀ ሣር ነው ያመጣብኝ!»

ሰብለ ግንባሯን ይዛ ነበር። ወደ እኔ ዞረች። «ይበልጣል፣ አንተ ሁሉን ትጽፋለህ። ሲሠሩ ያሉት ነገር ነበር? ያስጠነቀቁን ነገር?»

ሳይት ቡኩ ክንዴ ስር ነበር። መሰላሉ ላይ ሆኜ ያንን ሻጋታ ስነካ፣ «ምድጃውስ የት ነው?» የሚለው ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ገብቶ ነበር። ገጹን አውቀዋለሁ። መክፈት ብቻ ነው።

«አላስታውስም» አልሁ።

በሥራ ዘመኔ ያጠፋሁት ትልቁ ጥፋት ይህ ነው። ሣሩን ባለማወቅ ነው ያበላሸሁት፤ ይህንን ግን እያወቅሁ አደረግሁት። ሰበቤን ብዙ ጊዜ ፈልጌዋለሁ። ሥራዬን ፈርቼ ነበር፤ እርሱ አንድ ነው። ደግሞም ዝምተኛ ሰው ዝም ሲል ማንም አይጠረጥረውም፤ ያም ረድቶኛል።

ኮርኒሱን አፈረስነው። ከማል «ግድግዳው የጠጣውን ጣሪያውም ይጠጣ» ስላለ፣ ያንኑ ቀላል ቀይ ጠጠር በከረጢት ሞልተን በብረት ፍርግርግ ላይ አነጠፍን። ሕንፃው እስከ ዛሬ ቀዝቃዛ ነው። ጎብኚ ይመጣበታል። በዓመቱ ለመስቀል አቶ ወልዴ አገራቸው ገቡ። መስቀል ለጉራጌ የዓመቱ ሁሉ መሰብሰቢያ ነው፤ ከአዲስ አበባ የገባው ሁሉ ለእናቱ ቤት የሚሠራውን፣ ማን እንደሚሠራለትም የሚወስነው በዚያ ሰሞን ነው። አቶ ወልዴ የኮርኒሱን ነገር በየማዕዱ አወሩት። ከማል ወሬውን ቆይቶ አመጣልኝ። «ሽማግሌው ጠሪ አጡ» አለኝ። «ለጎረቤታቸው እናት ሊሠሩ የነበረው ቤት እንኳ ብሎኬት ሆኗል።» በዚያው ወር ወልቂጤ ሥራ ፈልጌ ሄድሁ። ሦስት መስቀል አለፈ።

ናትናኤል ጥቅሉን ይዞ በሄደ ማግስት ለአቶ ወልዴ ደወልሁ። ሁሉንም ነገርኋቸው። ይቆጡኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር።

«አንተ ልጅ፣ ስንት ዓመቱ ነው!» አሉ። «ኮርኒሱ ተቀየረ፣ ወይኑ ይሸጣል። ሽማግሌውም ሰው ናቸው፤ ተሳሳቱ። እኔ ይቅር ብያቸዋለሁ።»

«አልተሳሳቱም እኮ ነው የምልዎ።»

«እሺ፣ እሺ። ለመጪው በዓል እንኳን አደረሰህ።» ዘጉት።

መስቀል በዋለ በማግስቱ ሳይት ቡኩን በፌስታል ጠቅልዬ ቸሃ ሄድሁ። ከሚኒባስ ወርጄ በእንሰቱ መካከል ያለውን ቀጭን መንገድ በከዘራ ጨረስሁት። የጋሽ ብርጋ ቤት ጀፎረው ዳር ነው፤ ጀፎረ በሁለት ረድፍ ቤቶች መካከል የተዘረጋ፣ የሁሉም የሆነ ሰፊ የሣር ሜዳ ነው። ከማዶ ጣሪያ ያልወጣለት የብሎኬት ቤት ቆሟል።

ቤታቸው በሰው ተሞልቷል። መሐል ላይ ምድጃው ይነዳል። ክትፎና ቆጮ ቀርቧል። ጋሽ ብርጋ አርጅተዋል፤ ግን ወዲያው አወቁኝ። «ሜትሩ መጣ!» አሉ። «ይህ ልጅ ገመዴን ለክቶ ነው የተቀበለኝ። ብላ፣ ቁጭ በል፣ እግርህን ምን አገኘው?»

አልበላሁም። ቆሜ ካልተናገርሁ እንደማልናገር አውቄያለሁ። ገጹን ከፍቼ አነበብሁት፤ የሲሚንቶውን ቁጥር ጭምር፣ የጠየቁትን፣ የተመለሰላቸውን። የሳቅሁት እኔ እንደሆንሁ ተናገርሁ። ስብሰባው ላይ «አላስታውስም» እንዳልሁም ተናገርሁ።

ከግድግዳው ሥር የተቀመጠ ጃኬት የለበሰ ሰው ማኘኩን አቆመ። የማዶው ብሎኬት ቤት የእናቱ ነው፤ ለበዓሉ ከአዲስ አበባ የገባ ነው።

«ታዲያ ሦስት ዓመት ሙሉ የት ነበርክ?» አለኝ።

መዝገቡን ዘጋሁ።

«ተወው» አሉት ጋሽ ብርጋ። ከዚያ ወደ እኔ፦ «ጽፈኸው ነበር?»

«አዎ ጋሼ።»

«የዚያኑ ቀን?»

«የዚያኑ ቀን።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔም አለሁበት» አሉ። «ስትስቁብኝ አፈርሁ። ሁለተኛ ስናገር በቀልድ ተናገርሁ። ያልታየ ቤት ነው፣ ኮምፒውተር አለ፣ የተማሩ ሰዎች አሉ፤ ምናልባት ሣሩን የሚያደርቅ ሌላ ነገር ያውቁ ይሆናል አልሁ።» ከዚያ በጣታቸው ወደ ላይ አመለከቱ። «እይ።»

ቀና አልሁ። የቤቱ ሆድ ጥቁር ነው፤ እንደ ተወለወለ ጫማ ያበራል። ወራጆቹን፣ ማገሩን፣ ሣሩን፣ ሁሉንም ጥቀርሻ አልብሶታል። አንዲት ቀዳዳ የለም።

«ሠላሳ ቤት ሠራሁ እላለሁ» አሉ። «ውሸቴን ነው። እኔ የምሠራው የመጀመሪያውን ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ቤቱን በየቀኑ የምትሠራው እሳት የምታነደዋ ሴት ናት። ጭሱ ሣሩን ያደርቀዋል፣ ነቀዙን ያባርረዋል። ጭስ ያጣ ሣር ከብት ያልበላው ድርቆሽ ነው፤ ይበሰብሳል። የናንተ ወይን ደግሞ ጭስ አይወድ ይሆናል።»

«አይወድም፣ ጋሼ። ሽታ ይይዛል።»

«ይኸው! ምድጃ የለም ብትሉኝ፣ እንግዲያው ሣርም አይሁን ማለት ነበረብኝ።»

ባለ ጃኬቱ ሰው እጁን እየጠረገ ቆየና «ጋሽ ብርጋ፣ የእናቴ ቤት ግድግዳው ቢያልቅም ጣሪያው ገና ነው» አለ። «ቆርቆሮውን አልገዛሁም።»

ጋሽ ብርጋ ዞረው አዩት። «ምድጃው የት ነው?»

ማንም አልሳቀም።

«ወጥ ቤቱ... ከጓሮ ለብቻው ነው ያሠራሁት።»

«እንግዲያው ቆርቆሮ ምታበት» አሉ ጋሽ ብርጋ። «እኔን አትጥራኝ።»

ያኔ ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ባለ ጃኬቱም ሳቀ። ጋሽ ብርጋም ሳቁ። አንድ ሽማግሌ ከጥግ «ሲጠሩትም እምቢ አለ!» እያሉ ጭናቸውን መቱ። ጋሽ ብርጋ ዳግመኛ ጣሪያ ላይ እንደማይወጡ ከዚያ በፊት አልገባኝም ነበር። ዓይናቸው ደክሟል፤ ቆጮውን ሲያነሡ በእጃቸው ይዳብሱ ነበር። ሦስቱን የመጨረሻ ዓመታቸውን ነው የበላሁባቸው። ይህ የሚመለስ አይደለም፤ ይመለሳል ብዬም አልሄድሁም።

ስወጣ እስከ በሩ ሸኙኝ። «ጋሼ፣ የአባትዎ ስም ማን ነው?» አልኋቸው።

«ሳህሌ። ብርጋ ሳህሌ። ምነው?»

«ልጽፈው ነው።»

መዝገቡን አስከፍተው ገጹን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። ከስሩ ያሉት ሁለት ፊርማዎች የማን እንደሆኑ ጠየቁኝ፤ የተቋራጩና የአማካሪው እንደሆኑ ነገርኋቸው። «የኔስ የት ነው?»

«ለባለሙያ ቦታ አልተተወለትም።»

«እንግዲያው ጥያቄዬ ላይ ይሁን።» ከበሩ በላይ ያለውን የማገር ጥቀርሻ በአውራ ጣታቸው ጠረጉ፤ ጣታቸውን ገጹ ላይ፣ «የምድጃው ቦታ የት እንደሆነ ጠየቁ» ከሚለው ላይ አኖሩት። አጥብቀው ያዙት፤ ለቀቁት።

ናትናኤል በጥቅምት መጀመሪያ መጣ። ገጹን ለጽሑፉ አባሪ እንዲሆነው ኮፒ አደረግሁለት። ከጣሪያው ሥዕል ስር ያለችውን መሥመር ለውጦ፣ የብርጋ ሳህሌን ስም ከነጥያቄያቸው አስገብቶበታል። የእኔንም ስም ከነመልሴ። ኮፒውን ወደ መብራቱ ከፍ አድርጎ አየው።

«ወንድሜ፣ ማሽንህ ያቆሽሻል» አለኝ። «እየው፣ መሐሉ ላይ ጥቁር ነገር አለ። ጠርገህ ድገምልኝ።»

«ማሽኑ ንጹሕ ነው» አልሁት። «እንደዚያው አስጠርዘው።»